አራት ቀን በባሕር ዳርቻ

«ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ የጻፍን ቀን ብዙ ጥያቄ ወረደብን። ጠለል ማለት ምንድን ነው? ባሕሩስ የት ነው ያለው? ከእኛ ተራራ ጋር ምን አገናኘው?

የባሕር ጠለል ማለት የባሕሩ ውሃ ፊት ነው። የተራራ ከፍታ ሁሉ የሚለካው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ባሕሩም ቢሆን የምናስበውን ያህል ሩቅ አይደለም። ከሰቆጣ እስከ ቀይ ባሕር ገመድ በቀጥታ ቢዘረጋ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እግር ግን እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ገደል አለ፣ የአፋር በረሃ አለ፣ የአገር ወሰንም አለ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ «ባሕር ዳር ጥቂት ልቀመጥ» ቢል ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ ሳምንት የምናጫውታችሁ ይህንኑ ስላደረገ አንድ ቤተሰብ ነው። ከመካከላችን የአንዷ አስተማሪ ታላቅ እኅት ድሬዳዋ ይኖራሉ። እሳቸውና ባለቤታቸው በጥር ወር የ3 ዓመት ወንድ ልጃቸውን ይዘው ጅቡቲ ሄዱ። 4 ቀን ሰንብተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዘመድ ሊጠይቁ ሰቆጣ ሲመጡ ከበን አስቀመጥናቸውና እየጠየቅን ጻፍን። ስሜ አይጻፍ ስላሉን እኛም እንደ እኅታቸው «እትዬ» እያልን እንቀጥላለን።

አንዳንድ አንባቢ «የሰው ሽርሽር ለእኛ ምን ይረባናል?» ሊል ይችላል። ግን እስቲ አስቡት። በእኛም አገር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ይሰነብታል። በሶውን ቋጥሮ፣ ልጁን አዝሎ ጠበል ይወርዳል። አንድ ሰባት፣ ሁለት ሰባት ይቀመጣል። የባሕሩ ጉዞ ከዚህ የሚለየው ሕመምም ስለትም ሳይኖር ለማረፍ ብቻ መኬዱ ነው። ለማረፍ ብቻ ከቤት የወጣች እናት በአካባቢያችን ስንት ትገኛለች? እኛ በበኩላችን እስካሁን አላገኘንም።

በመጀመሪያ የወረቀቱን ነገር እንናገር። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ፓስፖርት ማለት የሰውየው ስም፣ ፎቶግራፍና የተወለደበት ቀን ያለበት፣ መንግሥት የሚሰጠው የመንገድ ደብተር ነው። ሕፃን ልጅም የራሱን ያወጣል። ለዚያ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በየቀበሌው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። እትዬ ልጃቸውን በጊዜው አስመዝግበው ስለነበር አልተንገላቱም። ቪዛ የሚባለውን የመግቢያ ፈቃድም ከመነሣታቸው በፊት ጠይቀው ጨረሱ።

የሄዱት በባቡር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወስድ የባቡር ሐዲድ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የድሮው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ያ አርጅቶ ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ ከመንገዱ እኩሌታ አልፋ ስለምትገኝ ለእነ እትዬ መንገዱ አጭር ነበር። ልጁ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ግመል ሲቆጥር ዋለ። መቁጠር የሚችለው እስከ 5 ብቻ ስለሆነ 5 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል።

ባቡሩ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ተራራው እያነሰ፣ ዛፉ እየሳሳ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይመጣል። በመጨረሻም ጥቁር ድንጋይ የሞላበት ሜዳ ይሆናል። እትዬ «እንዲህ ባለ አገር ሰው ይኖራል ወይ ብዬ ነበር። ለካ ውሃው ከድንጋዩ ኋላ ተደብቋል» አሉን።

ወደ ጅቡቲ መቼ እንደሚኬድ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስም አቧራ ይዞ ይነፍሳል። በዚያን ጊዜ አቅም ያላቸው የጅቡቲ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ድሬዳዋ፣ ሐረርና አዲስ አበባ ይከርማሉ። እኛ ባሕር ፍለጋ እንወርዳለን፤ እነሱ ብርድ ፍለጋ ይወጣሉ። የእኛ ሰው «ይሄ ብርድ ገደለን» እያለ የሚያማርረውን እነሱ ገንዘብ ከፍለው ይፈልጉታል! ለደጋ ሰው፣ ይልቁንም ለሕፃን ልጅ፣ ጅቡቲ የምትስማማው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው።

ያረፉት በከተማው ከሚኖር ዘመድ ቤት ነው። ጅቡቲ ውድ አገር ስለሆነች ዘመድ ባይኖር ኖሮ ጉዞው አይሞከርም ነበር። እንጀራ እዚያም አለ። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ሳይወጡ ላ ሲየስታ ወደሚባለው ዳርቻ በእግር ይወርዱ ነበር።

ልጁ ባሕሩን መጀመሪያ ያየ ጊዜ አልሮጠም፤ አልጮኸም። የእናቱን ቀሚስ ይዞ ቆመ። «ኩሬው ማዶ የለውም?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ማዕበሉ እግሩን ሲነካው ሸሸ። ማዕበል ማለት ነፋስ የገፋው ውሃ ተነሥቶ ወደ ዳር ሲመጣ ነው። ይመጣል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይመጣል። ልጁ «እማዬ፣ ውሃው እየተከተለኝ ነው!» እያለ እየሸሸ፣ እየተመለሰ፣ ሳያውቀው ጨዋታ ሆነለት። ከዚያም በእጁ ጨልፎ ቀመሰና ፊቱን አኮማተረ። «ማነው ጨው ያበዛበት?»

ጥያቄው የሞኝ አይደለም። በ1 ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። ዝናብ ከምድርና ከድንጋይ እያጠበ የወሰደው ነው፤ ወንዞች በብዙ ሚሊዮን ዓመታት አጓጉዘውታል። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ ጨውን ግን አታተነውም። ስለዚህ እዚያው ይከማቻል። የባሕር ውሃ ጥም አይቆርጥም። ጨውን በሽንት ለማስወጣት ሰውነታችን ከጠጣው የበለጠ ውሃ ስለሚያወጣ እንዲያውም ጥም ያብሳል። እትዬ ይህን አስቀድመው ሰምተው ነበርና የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ይዘው ይወርዱ ነበር። ልጁ «ጠማኝ» እስኪል አይጠብቁም፤ ከጨዋታው እየጠሩ ያጠጡታል።

ሌላው ያስደነቃቸው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ጠዋት ውሃ የነበረበት ቦታ ሲመለሱ እርጥብ ሜዳ ሆኖ ያገኙታል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ቆይቶ ደግሞ ባሕሩ ይመለስና ሜዳውን ይሸፍነዋል። ይህ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። ምክንያቱ ጨረቃ ናት። ጨረቃና ፀሐይ የባሕርን ውሃ ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ ምድርም ስለምትዞር ውሃው በየተራ ይሞላል፤ ይጎድላል። ስለዚህ ዕቃን ወይም የተኛ ልጅን ውሃው አጠገብ ትቶ መሄድ አይገባም። ደረቅ የነበረው ቦታ ደረቅ ሆኖ አይቆይም።

ቀናቸው እንዲህ ያልፍ ነበር። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባሕር ዳር ይቆያሉ። ከዚያ ፀሐይዋ ስትበረታ ወደ ቤት ይገባሉ። ጅቡቲ ውስጥ በቀትር ሱቁም ይዘጋል፤ ሰውም ይተኛል። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይወርዳሉ። ለልጁ ቀጭን እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ ቆብና ኮንጎ ጫማ አድርገውለታል። ኮንጎው ለውሃው ውስጥ ነው፤ ከአሸዋው ሥር ስል ድንጋይና እሾሃም የባሕር እንስሳ ይኖራልና። ልጁ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ውሃ ይሞላበታል፤ አሸዋው ይጠጣዋል፤ እንደገና ያመላልሳል። አንድ ቀን ከባዶ የቀንድ አውጣ ቤት አንዱን አንሥቶ ኪሱ ሊከተው ሲል ቤቱ እግር አውጥቶ ሄደ። ለካ ትንሽ ሸርጣን ገብቶበት ይኖራል። ይህን ታሪክ ሰቆጣ ውስጥ ላገኘው ሰው ሁሉ ሲናገር ሰንብቷል።

አባትየው ከጠዋቱ ጨዋታ በኋላ ጥላ ሥር ጋደም ይላሉ። እትዬስ? «ቁጭ አልኩ» አሉን። «ምን ልበላችሁ፣ ቁጭ አልኩ በቃ። እሳት አላነደድኩ፣ ሊጥ አላቦካሁ። የመጀመሪያ ቀን እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ አሸዋውን ስጠርግ ባሌ ሳቀብኝ። በ2ኛው ቀን ነው ዝም ብሎ ውሃ ማየት የቻልኩት።» ይህን ሲናገሩ ያዳመጡ ሴት ተማሪዎቻችን ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አሉ። አንዷ «ማን አበሰለ ታዲያ?» ብለው ጠየቁ። ያበሰለችው የዘመዳቸው ሚስት ነበረች። እንግዲህ የአንዷ ዕረፍት በሌላዋ ትከሻ ላይ ወድቋል። እትዬም ይህ ስላልዋጠላቸው በ3ኛው ቀን ባለቤቷን ጭምር ሁሉንም ይዘው ወጡና የተጠበሰ ዓሣ ገዝተው በሉ። የየመን ሰዎች ያመጡት ባልትና ነው። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ይጠበሳል። ከሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ክፍል እንጻፍ። በ2ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ልጁ ውሃው ዳር ተቀምጧል፤ ውሃው ከጉልበቱ አይበልጥም። እትዬ ባለቤታቸው የሚያዩት መስሏቸው ዕቃ ሊሰበስቡ ዞሩ። ባለቤታቸው ደግሞ እናቱ አጠገቡ ያሉ መስሏቸው ከሰው ጋር ወሬ ያዙ። ማዕበል መጣና ልጁን ጣለው። ልጁ አልጮኸም። እጁንም አላወዛወዘም። በፊቱ ተደፍቶ ዝም አለ። አጠገብ የነበረች አንዲት ያገሩ ሴት ክንዱን ይዛ ብድግ አደረገችው። አስለ፤ አለቀሰ። ሴትየዋ ለእናቱ አቀበለቻቸውና ምንም ሳትል ወደ ልጆቿ ተመለሰች። እትዬ ቋንቋዋን ስላላወቁ እጇን ስመው ዝም አሉ።

ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ባልና ሚስቱ አንድ ሥርዓት አወጡ። የአባትየውን የሰሌን ባርኔጣ የደፋ ሰው ዘበኛ ነው። ባርኔጣው ራሱ ላይ እስካለ ድረስ አይተኛም፤ ወሬ አይዝም፤ ዓይኑን ከልጁ አያነሣም። ከልጁ የሚርቀውም እጁን ዘርግቶ ሊይዘው በሚችለው ያህል ብቻ ነው። ሲደክመው ባርኔጣውን አውልቆ «ያንቺ ነው» ወይም «ያንተ ነው» ብሎ በቃል ያስረክባል። ሳይናገሩ ማስረከብ የለም። እኛ ከጉዞው ሁሉ ይህን አብልጠን ወደነዋል። ሁለት ሰው ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ ማንም አይጠብቅም። ባርኔጣው ደግሞ እናትም በተራዋ በእውነት እንድትተኛ አድርጓል።

ውሃ የሚወስደው ሰው የሚጮህ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እውነቱ ሌላ ነው። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ መጮህ አይችልም። ትንሽ ልጅ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ በገንዳና በባልዲም ጭምር፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ ደግሞ የጅቡቲ ነገር ብቻ አይደለም። በእኛው ዳርቻም ትልቅ ውሃ ተኝቷል። የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው፤ ከኋላው የተጠራቀመው ሐይቅ እስከ ዋግ ኽምራ ቆላ ድረስ ገብቷል። ዓሣ ይሰገርበታል፤ ጀልባ ይሄድበታል። ቀድሞ ወንዝ እንጂ ሐይቅ የማያውቅ ልጅ ዛሬ ከብት ሊያጠጣ ይወርድበታል። የባርኔጣው ሥርዓት እዚያም ይሠራል። ባርኔጣ ከሌለ ዱላም ይሆናል።

ሰው ውሃ ውስጥ ሲታገል ብናይ ዋና ሳናውቅ ዘለን አንግባ። እንጨት፣ ገመድ ወይም የተቋጠረ ነጠላ እንወርውርለት። ከወጣ በኋላ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል ጊዜ ያባክናል። ትንፋሽ ከሌለው ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ በአፉ ትንፋሽ መስጠት ይቀድማል። አሠራሩን የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሳዩን በሏት፤ በወሬ ከመስማት በዓይን ማየት ይሻላል።

በ3ኛው ቀን ከከተማው ወደ ምዕራብ ኮር አምባዶ ወደሚባል ዳርቻ ወጥተው ነበር። እዚያ ፊት ለፊት ያለው ውሃ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይባላል። ባሕረ ሰላጤ ማለት ወደ መሬት የገባ የባሕር ክንድ ነው። ከውሃው ማዶ ተራራ ይታያል። በዚያው ማዶ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ኦቦክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟን በእኛ አካባቢ የሰማ ሰው ይኖራል። ወደ የመንና ወደ ሳውዲ አረቢያ ለመሻገር የሚሄዱ የአገራችን ወጣቶች በሌሊት ጀልባ የሚሳፈሩት በዚያ በኩል ነው። ባሕሩ የሚጠብበት ቦታ ባብ ኤል መንደብ ይባላል። በአረብኛ የእንባ በር እንደማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት፣ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ባሕር ላይ ተገልብጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ከሞቱት መካከል ሕፃናትም ነበሩ።

ይህን ሁሉ ለእትዬ የነገሯቸው ያረፉበት ዘመድ ናቸው። እትዬ እንዲህ አሉን፤ «ልጄ አሸዋ ይቆፍራል። እኔ ማዶውን አያለሁ። ከሰፈራችን በድርቁ ጊዜ የወጣ አንድ ልጅ ነበር፤ እናቱ እስካሁን ስልክ ትጠብቃለች። እኔ ፓስፖርቴን ይዤ፣ ባቡር ተሳፍሬ፣ በቀን መጥቼ እቀመጣለሁ። እሱ በዚሁ ውሃ በሌሊት አለፈ። አለፈም እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ዓሣው አልጣመኝም።»

በማግስቱ ግን ልጁ በማለዳ ቀሰቀሳቸው። የመጨረሻው ቀን ስለነበር ከውሃው አልወጣም አለ። ባርኔጣውን ራሱ ደፍቶ «ዛሬ ዘበኛ እኔ ነኝ፣ እናንተ ግቡ» ብሎ አባትና እናቱን ውሃ ውስጥ አስገባቸው። እትዬ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። የአባትየውን እጅ ይዘው ነበር፤ ልጁን ደግሞ ዘመዳቸው በኋላው ቆመው ይጠብቁታል።

ሰቆጣ ሲመጡ አንድ ሃይላንድ የባሕር ውሃ ይዘውልን መጥተዋል። ክፍል ውስጥ በብረት ድስት አፍልተን አተነንነው። ከ1 ሊትሩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነጭ ነገር ቀረ። ከተማሪዎቻችን አንዷ እናት አባታቸው የጨው ነጋዴ ነበሩ። ድሮ ሰቆጣ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ይገባባት ነበር፤ አሞሌው እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። እኒህ እናት ከድስቱ በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱና «ይሄ ይመራል። የአባቴ አሞሌ አይመርም ነበር» አሉ።

ልክ ናቸው። በባሕር ውሃ ውስጥ ከምግብ ጨው ሌላ የሚመሩ ማዕድናትም አሉ። ድስት ላይ ሙልጭ ተደርጎ ሲደርቅ ሁሉም አንድ ላይ ይቀራል። በአፋር ግን ነገሩ በዝግታ ነው የሆነው። ያ ዝቅተኛ ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይጎደጉዳል። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። መሬቱ ከፍ ብሎ በሩን ሲዘጋበት ውሃው በፀሐይ ተነነ፤ ጨው በየድርብርቡ ቀረ። ፀሐይ ጊዜ ወስዳ ስታደርቀው የምግቡ ጨው ለብቻው ይረጋል፤ የሚመረው ሌላ ድርብ ይሆናል። በበረሃው ዳር ዳር ዛሬም ድንጋይ የሆነ የባሕር ዛጎል ይገኛል።

እኒህ እናት ይህን ሲሰሙ «እንግዲያ አባቴ ባሕር ሲጭን ነው የኖረው» አሉ። ድስቱን ያጠብነው እኛ ነን። ባዶውን ሃይላንድ ግን ልጁ «የኔ ነው» ብሎ ይዞት ሄደ።